ከአሞራ ገደል እስከ ጋርባ ጉራቻ፦ በሐይቅ ዳርና በባሌ ደጋ የእግር ጉዞ

ቅዳሜ፣ ሐዋሳ

ጉዞው ከሐዋሳ እንዲጀምር የወሰነው የባሌው መሪያችን ነው። በስልክ ስንቀጣጠር፣ «መኪና ላይ ተቀምጣችሁ ውላችሁ በነጋታው ደጋ አትወጡም። ቅዳሜን እዚያው በሐይቁ ዳርና በኮረብታው ሂዱበት፤ ጫማችሁንም ያን ቀን ፈትኑት» አለን። ጥምቀት ያለፈበት ሳምንት ስለነበር ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ የጠዋቱ አየርም ለመንገድ ይመቻል። ከመካከላችን በዕድሜ የሚበልጡን ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው፤ ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። ከእርሳቸው ሌላ የባንክ ሠራተኞች የሆኑ ባልና ሚስት፣ አንድ የጂኦግራፊ መምህርና እኔ ነበርን።

ከጠዋቱ 12 ሰዓት አሞራ ገደል ስንደርስ ጀልባዎቹ ሌሊቱን ውኃ ውስጥ ያደረውን መረብ ጭነው እየገቡ ነበር። ዓሣው እንደ ወረደ በየዓይነቱ ይለያል፤ ቆሮሶው በአንድ ወገን፣ አምባዛው በሌላ፣ ቢልጫው ለብቻው። ቆሮሶ ከሚያዘጋጅ አንድ ልጅ አጠገብ ቆሜ ሥራውን አየሁ። ከጭንቅላቱ ሥር በቢላዋ ጫር አደረገና የቆዳውን ጫፍ በጥርሱ ነክሶ እስከ ጭራው ድረስ በአንድ ትንፋሽ ገፈፈው። ከዚያ ሥጋውን በግራና በቀኝ ከአጥንቱ ለይቶ አጽሙን ዞር ብሎ እንኳ ሳያይ ወደ ኋላው ወረወረ። አጽሙ መሬት ሳይነካ አንድ አባ ኮዳ ቀልቦ ዋጠው። እነዚህ መላጣ አሞራዎች ሲቆሙ የልጁን ትከሻ ያክላሉ፤ እርሱ ግን ሲያልፍ በክርኑ ገፋ ያደርጋቸዋል። ሚጥሚጣ የተነሰነሰበትና ሎሚ የተጨመቀበት የዓሣ ሾርባ ጠጥተን መንገድ ጀመርን።

የሐይቁ ዳር መሪያችን በጀልባ ሥራ ያደገ የሰፈሩ ልጅ ነው። ከተማውን ከሐይቁ የሚለየውን የአፈር ክትር ይዘን በፍቅር ሐይቅ በኩል ወደ ሰሜን፣ ወደ ጥቁር ውኃ አቅጣጫ ወሰደን። እንደ አብዛኛው የሐዋሳ ሰው ሐይቁን የማውቀው ከአንድ ቦታ ቁጭ ብዬ ነው፤ ቡና እየጠጣሁ ወይም ዓሣ እየበላሁ። በእግር ዳሩን ዳሩን ሲሄዱት ሌላ ሐይቅ ነው። ደንገሉ የበዛበትና ወፉ የሚንጫጫበት ቦታ አለ፤ ጥቂት እልፍ ሲሉ ደግሞ ደንገሉ ተመንጥሮ፣ የፕላስቲክ ጠርሙስ ማዕበሉ ባደረሰው መስመር ላይ ተደርድሮ ይገኛል። ጉማሬዎቹ ጆሮና አፍንጫቸውን ብቻ አውጥተው ከዳሩ ብዙም ሳይርቁ ተኝተዋል። መሪያችን ሲመሽ ለግጦሽ የሚወጡበትን፣ ሣሩ የተደመደመበትን መንገድ አሳይቶን፣ «ከ12 ሰዓት በኋላ እዚህ የሚቆም ሰው የለም» አለ።

መምህሩ የሐይቁን ነገር ያነሳው እዚህ ላይ ነው። ሐይቁ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት አለው፤ የተኛውም በጥንት ዘመን በፈነዳና በተደረመሰ እሳተ ገሞራ ውስጥ ነው። በምሥራቅ ከወንዶ ገነት በላይ የሚታየው ገደላማ ተራራ የዚያ ጉድጓድ ከንፈር ነው። ዓመቱን ሙሉ የሚገባበት ወንዝ ጥቁር ውኃ ብቻ ሲሆን፣ የሚወጣ ወንዝ ደግሞ የለውም። ጥቁር ውኃ የሚመጣው ከጨለለቃ ነው። ጨለለቃ ከጥቂት አሥርት ዓመታት በፊት ራሱ ሐይቅ ነበር፤ ከተራቆተው ኮረብታ የወረደው ደለል ሞልቶት ዛሬ ረግረግና የከብት መዋያ ሆኗል። «ከኮረብታው የተነሳ ሁሉ መጨረሻው እዚህ ነው» አለ መምህሩ፤ «የሚሄድበት ሌላ ቦታ የለውም።» እትዬ ወደ ጠርሙሶቹ ተመልሰው ጥቂቱን በፌስታል ለቀሙ፤ እኛም ተከተልናቸው። የለቀምነው ከቀረው ጋር የሚመዛዘን ባይሆንም ባዶ እጅ ከመሄድ ይሻል ነበር።

ከሰዓት በኋላ በባጃጅ ተመልሰን ታቦር ተራራ ላይ ወጣን። አቀበቱ አጭር ቢሆንም ቀጥ ያለ ነው። ከአናቱ ላይ ከተማው፣ ሐይቁ፣ በደቡብ አላሙራ፣ በሰሜን ምዕራብ የኮርቤቲ ጉብታዎች በአንድ ጊዜ ይታያሉ። መምህሩ ያስረዳንን ጉድጓድ ዙሪያውን በጣት መከተል ይቻላል። የባንክ ሠራተኛው አዲስ ጫማ ተረከዙን ልጦት ስለነበር ወርደን ገበያ ሄድንና ለስላሳ ካልሲ ገዛን። የባሌው መሪ ጫማችሁን ፈትኑ ያለው ለዚህ ነበር።

እሑድ፣ ከሐዋሳ ወደ ዲንሾ

በኪራይ ሚኒባስ በማለዳ ተነሳን። ሻሸመኔን አልፎ ወደ ምሥራቅ የታጠፈው መንገድ ወዲያው ሽቅብ ይወጣል፤ ኮፈሌ ስንደርስ መስኮት ዘግተን ጋቢ ደረብን። እንሰትና ድንች በየጓሮው፣ ገብስ በየማሳው ይታያል። በየሜዳው ደግሞ ፈረሰኛ፣ ጦርና ከብት በቀለም የተሳለባቸው የአርሲ ኦሮሞዎች መቃብሮች ቆመዋል። ዶዶላንና አዳባን ስናልፍ ሜዳው ስንዴ ብቻ ሆነ። ከአዳባ በኋላ መንገዱ እንደገና ተራራውን ይይዛል።

ዲንሾ ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር አልፎ የተቀመጠች ትንሽ ከተማ ናት፤ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤትም እዚያው ነው። ፓርኩ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የባሌው መሪያችን በር ላይ ጠበቀን። በወይብ ሸለቆ ከብት ሲጠብቅ ያደገ፣ ዝግ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። ሰላምታ ተለዋውጠን ሻይ እንደጠጣን በጥድና በኮሶ ደኑ ውስጥ አዞረን። የደጋ አጋዘኖቹ ሰው ስለለመዱ ብዙም አይሸሹም። አንድ ቀንዱ የተጠማዘዘ ወንድ ከኮሶ ዛፍ ሥር ተኝቶ ያመነዥካል፤ ሴቶቹና ግልገሎቹ ጭቁኝ በሚባለው ቁጥቋጦ ውስጥ ቆመው ያዩናል። በአፍሪካ ካሉት ትልልቅ የአጋዘን ዘሮች ሁሉ መጨረሻ ላይ በሳይንስ የታወቀው ይህ ነው፤ ስሙ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1910 ሲሆን ከኢትዮጵያ ደጋ ውጪ አይገኝም። ማታ መሪያችን ሻንጣዎቻችንን አንድ በአንድ አስከፍቶ ፈተሸ። ሁለተኛ ጥንድ ጫማና ወፍራም መጽሐፍ ዲንሾ ቀሩ፤ በምትካቸው ተጨማሪ ብርድ ልብስ ገባ።

ሰኞ፣ ከዲንሾ ወደ ሶዶታ

ፈረሶቹ ሲጫኑ ማየት ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። የፈረሶቹ ባለቤቶች ጭነቱን በሚዛን ሳይሆን በእጃቸው አንሥተው ይገምታሉ፤ ግራውና ቀኙ እኩል ካልሆነ ሁሉንም አውርደው እንደገና ይጀምራሉ። የምግብ ከረጢቱን ብቻ ደጋግመው ፈቱ፤ ገብስ ቆሎ፣ በሶ፣ ጭኮ፣ ድርቆሽ፣ ከሐዋሳ የመጣ ቆጮ፣ ከእነዚህም ጋር ቡታጋዝ ምድጃችን ነበር። በፓርኩ ውስጥ እንጨት ማንደድ ስለማይገባ ምግባችን ሁሉ በእርሱ ነው የሚበስለው።

ከከተማው ወጥተን ወደ ወይብ ሸለቆ ስንዘልቅ ሁላችንም ቀና ቀና እያልን ተራራ እንፈልግ ነበር። መሪያችን ቆመና፣ «ተራራው የትም አይሄድም። መሬቱን እዩ» አለን። ከዚያች ሰዓት በኋላ አካሄዳችን ተለወጠ። ትኩስ አፈር የተቆለለበትን ጉድጓድ፣ ቀበሮ ያለፈበትን ኮቴ፣ ከብት የሚልሰው ጨዋማ ውኃ የሚፈልቅበትን ቦታ አንድ በአንድ ያሳየን ጀመር። በዚህ ደጋ ከብት ወቅት ጠብቆ ከቆላ ወደ ደጋ፣ ከደጋ ወደ ቆላ መውሰድ ጎዳንቱ ይባላል። እርሱም በልጅነቱ ከአባቱ ጋር ይህንኑ መንገድ ሲሄድ ኖሯል። በካርታ ላይ ባዶ የሚታየው ሜዳ በእርሱ አፍ ስም የሌለው ጋት መሬት የለውም።

ቀትር ላይ ፊንጫ ሀበራ ደረስን። ፏፏቴው በበጋ ውኃው ቢቀንስም ድምፁ ከሩቅ ይሰማል። እኔን የያዘኝ ግን ከውኃው ይልቅ የዐለቱ ነገር ነው። በፊንጫ ሀበራ የዐለት ጥላ ሥር የተደረገ ቁፋሮ እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ ሲሆን፣ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት ባለው ዘመን ሰዎች እዚህ እሳት አንድደው እንደኖሩ ታውቋል። በዚያ ዘመን ከበላያችን ያሉት ከፍታዎች በበረዶ ግግር ተሸፍነው ነበር። ሰዎቹ ግዙፉን ፍልፈል ጠብሰው ይበሉ ነበር፤ ስለት የሚሠሩበትን ባልጩት የሚያመጡትም ከራሱ ከበረዶው ጠርዝ፣ 4,000 ሜትር ካለፈ ከፍታ ነው። ሰው በዚህ ከፍታ መኖር የጀመረው በቅርብ ጊዜ ነው ተብሎ ሲታመን ኖሯል። መሪያችን ይህን ሲተርክልን እንደ ሩቅ ታሪክ አልነበረም። የትኛው ገደል ከነፋስ እንደሚከልል፣ ውኃው ከየት እንደሚቀዳ፣ ፍልፈሉ በየት በኩል እንደሚበዛ ቆሞ በእጁ አሳየን። በልጅነቱ ዝናብ ሲይዘው የሚጠለለው በእነዚሁ ዐለቶች ሥር ነው።

የወይብ ውኃ ከዚህ ወርዶ የሶፍ ዑመርን ዋሻ ሰንጥቆ ገናሌን ይቀላቀላል፤ ከዚያም ጁባ ሆኖ ሶማሊያን አቋርጦ ሕንድ ውቅያኖስ ይገባል። መምህሩ ቅዳሜ ዕለት ያለውን አስታወሰና፣ «የእኛ ውኃ የሚሄድበት የለውም፤ የእነርሱ ግን አገር ያቋርጣል» አለ። እውነቱን ነው። ሐዋሳ ላይ ጥፋቱ ዞሮ እኛው ላይ ይከማቻል፤ እዚህ ግን ሣሩ ቢጋጥ፣ ረግረጉ ቢደርቅ፣ መጀመሪያ የሚጎዳው ባሌን ዐይቶ የማያውቅ የቆላ አርብቶ አደር ነው።

ሶዶታ ድንኳን የተተከለው ጀምበር ሳትጠልቅ ነው። የምሽቱ ብርድ ዐይን ያስለቅሳል። እራት በልተን ወዲያው ተኛን።

ማክሰኞ፣ ከሶዶታ ወደ ኬይረንሳ

ጠዋት የድንኳኑ ሸራ በአመዳይ ነጥቶ፣ በጠርሙስ ያደረው ውኃ ጫፉ ረግቶ ነበር። መሪያችን ከቁርስ በፊት ቀሰቀሰንና ቁልቁል ወዳለ ሜዳ ወሰደን፤ ተቀመጡ፣ አትናገሩ አለን።

መጀመሪያ ያየነው ፍልፈሉን ነው። የአፈር ክዳኑን ከውስጥ ገፍቶ ጭንቅላቱን አወጣ። ዐይኖቹ ትንንሽና ከአናቱ ላይ የተቀመጡ፣ የፊት ጥርሶቹ ወደ ብርቱካን የሚያደሉ ናቸው። ግማሽ አካሉን ጉድጓድ ውስጥ ትቶ ዙሪያውን ያለውን ሣር በፍጥነት እየነጨ ወደ ውስጥ ይጎትታል፤ በሚደርስበት ዙሪያ ያለው ሣር ሲያልቅ ደግሞ ተመልሶ ይገባል። ኪሎ ያህል የሚመዝን ይህ ፍልፈል ከባሌ በስተቀር በዓለም ላይ የትም የለም። ከአጠገቡ አንዲት ቡናማ ወፍ ቆማ የተቆፈረው አፈር ውስጥ ነፍሳት ትለቅማለች። መሪያችን በጆሮዬ፣ «ወፏን እዪ፤ እርሷ ከጮኸች እርሱ ይገባል» አለኝ።

ቀይ ቀበሮው በሣሩ መካከል ሲመጣ ወፏ አልጮኸችም። እግሩ ረዥም፣ አፉ ሹል፣ ጉሮሮውና ሆዱ ነጭ፣ ሌላው አካሉ ደማቅ ቀይ ነው። ሁለት እርምጃ ይሄዳል፣ ይቆማል፤ ፍልፈሉ ሣር ይዞ ሲገባ ይራመዳል፣ ጭንቅላቱን ሲያወጣ ይደርቃል። በመጨረሻ ሆዱን መሬት አስነክቶ እየተሳበ ደረሰና ተወነጨፈ። አፈር ተበተነ፤ ፍልፈሉ ግን አምልጧል። ቀበሮው አፍንጫውን ጉድጓዱ ውስጥ ከትቶ ጥቂት ቆየና፣ እኛን ከምንም ሳይቆጥር አልፎን ሄደ። ቀበሮዎቹ የሚኖሩት በመንጋ ነው፤ ክልላቸውን አብረው ይጠብቃሉ፣ ግልገልም አብረው ያሳድጋሉ። አደን ግን ለየብቻ ነው።

በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም፤ ከግማሽ በላዩ የሚገኘው በባሌ ነው። ትልቁ ጠላታቸው የውሻ በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የእብድ ውሻ በሽታ ገብቶ ከዚሁ ሸለቆ ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉን ጨርሷል፤ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ተመላልሷል። እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ ሌላ የውሻ በሽታ ወረርሽኝ ነበር። መሪያችን የ2003ቱን ዘመን ያስታውሳል። የሞቱ ቀበሮዎችን በየጉድጓዱ አጠገብ እያገኘ ለሚመለከታቸው ሰዎች ያስታውቅ እንደነበር ሲነግረን አንገቱን አቀርቅሮ ነበር።

ከሰዓት በፊት በአንድ እረኛ ቤት በር ስናልፍ የቤቱ እመቤት ጠርታ እርጎ አቀረበችልን። ውሾቿ ጮኹብን፤ በአንድ ቃል ጸጥ አሰኘቻቸው። እትዬ ነርስ ናቸውና እርጎውን አመስግነው ከጠጡ በኋላ የጠየቁት ስለ ውሾቹ ነው።

«እነዚህ ተከትበዋል?»

መሪያችን በኦሮምኛ ጠየቀላቸው። ሴትዮዋ ሁለቱን በጣቷ ለየች፤ ሦስተኛው ግን ከክትባቱ በኋላ ከቆላ የመጣ ቡችላ ነው።

«እንግዲህ ያ አንዱ ነው የሚያሰጋኝ» አሉ እትዬ። «በሽታው እንዳይዛመት ከመቶ 70 ውሻ መከተብ አለበት። ለቀበሮው ብቻ አይደለም፤ ለልጆቿም ነው። የታመመ ውሻ የነከሰው ልጅ በጊዜ ካልታከመ አይድንም። እኔ አልጋው አጠገብ ቆሜ አይቻለሁ።»

ይህ ሲተረጎምላት ሴትዮዋ ፈገግታዋን ተወች። ከታች ያለውን ታናሽ ልጇን ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ፣ ከታቢዎቹ መቼ እንደሚመለሱ መሪያችንን ጠየቀችው። እርሱም ዲንሾ ሲመለስ ሊያጣራላት ቃል ገባ። ስለ ጥበቃ ሥራ ብዙ ንግግር ሰምቼ አውቃለሁ፤ እንደዚች አጭር ንግግር ግን ነገሩ የተገለጠልኝ የለም። እዚህ ተራራ ላይ የሰው ልጅ ጤናና የቀበሮው ሕይወት በአንድ ውሻ በኩል ተያይዘዋል፤ ሰዎቹን ትቶ አውሬውን ብቻ እጠብቃለሁ የሚል ሰው አይሳካለትም።

ኬይረንሳ ቀጥ ካሉ ገደሎች ሥር ነው ያደርነው። ሽኮኮዎች ከዐለቱ ላይ ሲያፏጩብን አመሹ።

ረቡዕ፣ ከኬይረንሳ ወደ ራፉ

አቀበትና ነፋስ የበዛበት ቀን ነው። አስታ የሚባለው የደጋ ቁጥቋጦ እያጠረ ሄዶ በመጨረሻ ከጉልበት በታች ሆነ፤ አንዳንዱ ቦታ ላይ ለግጦሽ ተብሎ የተቃጠለ ጥቁር ግንድ ቆሟል። ወደ 4,000 ሜትር ስንጠጋ የባንክ ሠራተኛዋ ራሷን ያማት፣ ያቅለሸልሻት ጀመር። ባለቤቷ እጇን ይዞ ሊያፈጥናት ሲል መሪያችን አስቆመው። ቁጭ አሰኛት፣ ውኃ በጥቂት በጥቂቱ አጠጣት፤ ከዚያ በኋላ መላው ቡድን በእርሷ እርምጃ እንዲሄድ አደረገ። «ካልተሻላት ወደ ላይ የለም፤ ወደ ታች ነው የምንሄደው» አለ። ይህን ሲል ድምፁ ላይ ድርድር አልነበረም። ከአንድ ሰዓት በኋላ ፊቷ ተመለሰ። ከፍታ ላይ የሚመራ ሰው ዋናው ሙያ እንዲህ ያለው ነው፤ መንገድ ማወቅ ከዚያ ቀጥሎ ይመጣል።

ራፉ አካባቢ ዳገቱ ላይ ትልልቅ ድንጋዮች እንደ ታረሰ ማሳ ትልም ተደርድረው ቁልቁል ይወርዳሉ። በረድፎቹ መካከል ሣር በቅሏል። ሰው የሠራቸው ይመስላሉ፤ ነገር ግን የበረዶ ዘመን ሥራ ናቸው። መሬቱ ሲረጋና ሲቀልጥ፣ ሲረጋና ሲቀልጥ ድንጋዩን ከአፈሩ እየለየ ወደ ረድፍ አስገብቶታል። ምድር ወገብ አጠገብ እንዲህ ያለ ነገር መገኘቱ መምህሩን ከመደሰቱ የተነሳ ምሳ አስረሳው። በእርምጃ ሲለካቸው የቀረነው በጭኮና በሻይ ተጠምደን ነበር።

ሐሙስ፣ ጋርባ ጉራቻ

የሳነቲ አምባ ከሩቅ ባዶ ይመስላል። ሲገቡበት ግን በየርምጃው ነገር አለ፤ ብርማ ቅጠል ያለው ቁጥቋጦ መሬቱን ሸፍኖታል፣ በየኩሬው ዳር ዝይ ይሰማራል፣ ንስር ከላይ ይዞራል። ጅባራዎቹ ለየብቻቸው ተራርቀው ቆመዋል። አንዱ ከሰው ቁመት በላይ የሆነ አበባ አውጥቶ ነበር። ጅባራ ለዓመታት ቅጠሉን ሲያሰፋ ይኖርና አንድ ጊዜ ብቻ ያብባል፤ ካበበ በኋላ ይሞታል። እትዬ ግንዱን በእጃቸው ደገፍ አድርገው ወደ ላይ እስኪበቃቸው አዩት። ቀን ሲከፈት ማታ የሚዘጋው ቅጠሉ እምቡጡን ከውርጭ እንደሚጠብቅለት መሪያችን ቅጠሉን ገለጥ አድርጎ አሳያቸው።

ከሰዓት በኋላ ከገደሉ አፋፍ ደረስን፤ ጋርባ ጉራቻ ከታች ነው። የጥንት በረዶ ግግር የቆፈረው፣ ግማሽ ዙሪያው በገደል የታጠረ ትንሽ ሐይቅ ነው፤ ከፍታው ወደ 3,950 ሜትር ይጠጋል። ከሥሩ የወጣ ደለል ከበረዶው መቅለጥ ጀምሮ ያለውን የአየርና የዕፅዋት ታሪክ ለተመራማሪዎች ነግሯቸዋል። ወርደን ዳሩን ዞርነው። ውኃው በገደሉ ጥላ ሥር ጥቁር፣ ፀሐይ በሚያገኘው በኩል አረንጓዴ ነው፤ ዳሩ ላይ የኛን ኮቴና የከብት ኮቴ ካልሆነ ሌላ የሰው ምልክት አልነበረም። ሐዋሳን የሚወድ ሰው ሁሉ ይህን ሐይቅ ቢያየው ብዬ ተመኘሁ። ንጹሕ የሆነ የሐይቅ ዳር ምን እንደሚመስል ዐይን ካላወቀው የሚጎድለንንም አናውቀውም።

ሌሊቱ ከሳምንቱ ሁሉ የከፋው ነበር። የፈረሶቹ ባለቤቶች ጋቢያቸውን ተከናንበው በተራ እየተነሡ ፈረሶቻቸውን ሲያዩ ሰማኋቸው።

ዓርብ፣ ሳነቲና ጎባ

ጠዋት ወደ መኪና መንገዱ ወጣን። ጎባን ከዶሎ መና የሚያገናኘው ይህ መንገድ በአፍሪካ ካሉት ከፍተኛ የመኪና መንገዶች አንዱ ነው። ሚኒባሳችን በቀጠሮው ደርሷል። የፈረሶቹ ባለቤቶች ከዚህ ነው ወደ ዲንሾ የሚመለሱት፤ ሒሳባቸውን ተቀብለው፣ የተረፈውን በሶና ቆሎ ተካፍለው፣ ባዶ ፈረሶቻቸውን እየነዱ ሄዱ። እኛ ቱሉ ዲምቱን በመኪናው ወጣን። በባሌ ከፍተኛው፣ 4,377 ሜትር ያለው ጫፍ ነው፤ ይሁንና መኪና የሚወጣው ተራራ ስለሆነ ልቤን አልወሰደውም። ከእርሱ ይልቅ በደቡብ በኩል ያለው አፋፍ ይበልጣል። አምባው ድንገት ያልቅና ከሥሩ የሐረና ጫካ በደመና ተሸፍኖ ይጀምራል። ከላይ አስታ፣ ዝቅ ሲል ቀርከሃ፣ ከዚያም በታች ጫካ ውስጥ የበቀለ ቡና። መሪያችን ለቡናው ደግሞ ሌላ ሳምንት ያስፈልጋል አለ።

ምሳ ጎባ በላን። መሪያችን በዲንሾ መኪና ከመሄዱ በፊት እትዬ ደብተራቸውን አውጥተው የዚያችን እመቤት ቀበሌ አጻፉት፤ ከታቢዎቹ የሚመለሱበትን ቀን ሲያውቅ እንዲደውልላቸው አስማሉት።

መሄድ ለምትፈልጉ፣ ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ጊዜ መንገዱ ደረቅ፣ ሌሊቱ ግን ከዜሮ በታች ነው፤ ወፍራም የመኝታ ልብስ ከሌላችሁ አትሂዱ። መሪም ፈረስም ዲንሾ ይገኛል፤ ሥራው በተራ ስለሚሰጥ የተራው ባለቤት ይምራችሁ፣ በዋጋ ፍለጋ ተራ አታዛቡ። አብራችሁ የምትሄዱት ሰው ራሱን ካመመው ከመሪው ጋር አትከራከሩ። ከሐዋሳ የምትነሡ ደግሞ ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ቀን ክትሩን ይዛችሁ እስከ ጥቁር ውኃ ድረስ በእግር ሂዱ፤ ጫማችሁ የሚልጣችሁ ከሆነ እዚያው ገበያው ቅርብ ነው።